ታኮ

ጳጉሜን አምስት ማታ፣ ኮምፕረሰሩን አጥፍቼ፣
የጎሚስታ ቤቴን ግማሽ በር ዘግቼ፣
ግራሶ የጠገበ ደብተሬን አወጣሁ፤
መብራት ስለሌለ ሻማ ይዤ መጣሁ።

አራት ዓመት ሙሉ፣ ጳጉሜን በዞረ ቁጥር፣
እፈርማለሁ ለራሴ የማልከፍለውን ብድር።

የዛሬ አራት ዓመት፦ «መንጃ ፈቃድ በጥር፣
እንግሊዝኛ በየካቲት፣ በሰኔ የቤት አጥር።»
የዛሬ ሦስት ዓመት፦ «አረቄ በቃኝ። ፈጽሞ።»
(ከ«ፈጽሞ» በታች መስመር አለ ደግሞ።)
ካቻምና ባዶ ነው፤ የጎማ ሂሳብ አለበት፣
የማን ዕዳ እንደሆነ ግራሶ ሸፍኖት።
አምና፦ «ሰው ልሁን።» ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።
ምን ማለቴ እንደነበር እኔም አላውቅ ዛሬም።

ጥር መጣ፣ ሄደ። አጥሩን በሬ ያልፈዋል።
እንግሊዝኛው «ሃሎ» ላይ ጎማው ተንፍሷል።
አረቄውማ፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አልፌ ሄድኩ በሩን፤
በአሥራ ሁለተኛው . . . አታንሱት ነገሩን።

የባጃጁ ልጅ፣ ታምሬ፣ መስታወቱ ላይ ለጥፏል፦
«በዚህ ዓመት ሚሊየነር!» ጎማው ግን ተልጧል።
«በዱቤ ለጥፍልኝ» ብሎ ትናንት መጥቷል፤
ለጠፍኩለት። ምን ላድርግ፣ ሕልምም አየር ይፈልጋል።

«ዘንድሮስ ምን ልትጽፍ ነው?» አለች ውድነሽ ከጓዳ፣
ቆሎ እየሰፈረች ለአውቶብሱ እንግዳ፤
«ሰማይ አይታረስም፣ ይህን ማን ያጣዋል?
ጓሮው ግን እዚያ ነው፤ ሁለት መደብ ይበቃዋል።»

ዝም አልኩ። ጆሮዬ ዳገቱን ወጣበት፣
ጣርማ በር፣ አንድ ተሳቢ ጉም ውስጥ ወደሚያጓራበት።

ረዳት ነበርኩ ያኔ፣ ጢሜ ያልበቀለ፣
ከጋሽ አጎናፍር ኤንትሬ ጎን የተንጠለጠለ።
ሥራዬ አንዲት ነበረች፦ ድንጋይ ይዤ በእጄ፣
ሞተሩ ሲደክመው ከላይ ዘልዬ ወርጄ፣
ከኋላ ጎማ ስር መሸጎጥ።
                              ሌላ የለም።

«ጋሽዬ፣ ጫፉ የታል?» ብዬ ስጮህ ከታች፣
ከመስኮቱ አንዲት ክንድ፣ ሲጋራ ይዛ ወጣች፦
«ጫፉ የጉም ሀብት ነው፤ አንተ ምን አገባህ?
የወጣናት ስንዝር እንዳትሸሽ፣ ይኸው ነው ሐሳብህ!»

አንደኛ ማርሽ፣ ስንዝር፣ እንደገና ታኮ፤
ጭላዳው ገደል ዳር ሆኖ ይስቅብን ነበረኮ።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋሻው አፍ ደረስን።
እልል ያለ የለም። ሻይ ጠጣን። ሄድን።

እና ሻማው ሳያልቅ፣ ገጹን ገልብጬ ጻፍኩ፤
ይህን ያህል አሳንሼ አላውቅምና አፈርኩ፦

«ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፉ
ሁለት ገጽ። ምልክቶቹን ከነትርጉማቸው መጻፉ።
አረቄን በተመለከተ፦ ከቅዳሜ በቀር አላይም፤
ቅዳሜም አንድ መለኪያ። (ሁለት ከሆነ አልዋሽም።)
ጓሮ፦ አንድ መደብ። ውድነሽ ሁለት ብላለች፤
አንዷ ከተያዘች ሁለተኛዋ ትጠብቃለች።
መንዲዳ ላለው ወንድሜ፣ ለሸዋፈራሁ፣ በመስቀል ሰሞን ልደውል፤
የመሬቱን ነገር ሳላነሳ፣ ‹እንዴት ነህ› ብቻ ልበል።»

አነበበችው። «ይኸው ነው?» አለች።
«ይኸው ነው።»
             ሳቀች? እንጃ። ሻማዋን አጠፋች።

መስከረም አንድ ቀን ማክሰኞ ላይ ዋለ፤
ደብተሩ ይህን ሲያይ የሳቀ መሰለ።
በጉ ተበለተ፣ ጎረቤት ገባ፣ ወጣ፤
ከምሽቱ አምስት ሰዓት መጽሐፉን ስከፍት እንቅልፌም አብሮኝ መጣ።

አንድ ገጽ ተኩል። «አደገኛ ቁልቁለት» የሚለው ምልክት
ላይ ስደርስ ዓይኔ ተከደነ። ግማሿ ገጽ እንደቀረች ለሐሙስ ሌሊት፣
መጽሐፉ እንዳይዘጋ፣
አንድ የጎማ ብሎን አኖርኩበት።