አርባና አርባ አንድ

የቀለም ልጅ ነበርኩ፤ ፈተና የማልፍ፣
ሌሊቱን ከመጽሐፍ ጋራ የማሳልፍ።
በአሥራ ሰባት ዓመቴ ቀለም ቤት ተቀጠርኩ፤
ለካስ ለዚህ ኖሯል ቀለም የቆጠርኩ።

ሬሲፌ ከተማ፣ ከድልድዩ ግርጌ፣
የመንግሥት ወንበር ላይ ነጭ ጓንት አድርጌ፤
ከአንድ እስከ ሰማንያ የተደረደረ
የገላ መልክ ካርድ በእጄ ላይ ነበረ።
እስከ አርባ የደረሰ ድልድዩን ይሻገር፤
ከአርባ አንድ ጀምሮ ረግረጉ ውስጥ ይደር።
ሕጉ አንድ መስመር ነው፤ ማብራሪያም የለው፤
እኔ ራሴ አርባ ነኝ፤ የጫፍ ላይ ሰው።
የአያቴን ፎቶግራፍ በጨርቅ ጠቅልላ
እናቴ ሸሽጋለች፣ ከአልጋ ሥር ከልላ።

ኤቫሪስቶ መጣ፣ በየካቲት ሙቀት፣
እጁን እስከ ክርኑ ጭቃ ደርቆበት፤
ማንግሮቭ ሥር ውሎ፣ ሸርጣን ሲለቅም አድሮ፣
ጆንያው ይንኳኳል ከጫንቃው ላይ ታስሮ።
«ጭቃ አንለካም» አልኩት፣ ደንቡን ተናግሬ፤
አንጓውን ጠረግኩት ጥጥ ውኃ ነክሬ።
ሳቀና «ከሥሩም ጭቃ ነው ያለኝ፤
አዳምን ማን ለካው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አርባ አንድ።
መዘገብኩት።

አርባና አርባ አንድ እጅ ለእጅ ቢያያዝ
ያሳስራል የሚል አለ የመንግሥት ትእዛዝ፤
የተፈቀደው ንክኪ ይኼ ብቻ ነበር፦
ለልኬት አንጓ መያዝ፣ አሥር እስኪቆጠር።

ልኬት በየሦስት ወር ነው፤ እሱም አይቀርም፤
እኔም እንደ ድሮው ፈጥኜ አልቆጥርም።
ሁለት ስል፣ የእናቱን ሳል ያወራልኛል።
አራት ስል፣ ሸርጣን ሳይነክስ እንዴት እንደሚያዝ
በግራ እጁ አየር ላይ ያሳየኛል፤
ቀኙ እኔ ዘንድ ነው።
ሰባት ስል፣ ዝም።
ስምንት ስል፣ የደም ሥሩ
ከአውራ ጣቴ ሥር እንደ ዓሣ ይዘላል።
ጓንቴን መቼ እንዳወለቅኩ አላስታውስም።
ዘጠኝ ላይ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ።
«ልኬቱ አልጠራም፤ ነገ ተመለስ።»
ነገ ይመለሳል።

አንድ ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልኩት፦
«አርባ ብዬ ልጻፍህ? አንድ ነው የሚቀረው፤
ብዕሬ አንዴ ቢስት ማነው የሚቆጥረው?»
እጁን ሳበ። «እናቴን ምን ብለሽ ትጽፊያታለሽ?
ስልሳ ሦስት ናት። በስንት ብዕር ትስቻለሽ?»
ያን ዕለት አሥር ሳልደርስ ሄደ።
ማታ ከአልጋዋ ሥር፣ ከእናቴ ትንፋሽ በታች፣
አያቴ በጨርቁ ውስጥ ስትተነፍስ ሰማሁ።

ኅዳር ላይ መኪና መጣ።
መብራት ያለው ሣጥን ነው፤ ክንድ ይገባበታል፣
አንዴ ይጮኻል፣ ቁጥር ይተፋል፣ አለቀ።
አሥር አይቆጥርም። ነገ ተመለስ አይልም።
እኔን መስኮት ወደሌለው መዝገብ ቤት አዛወሩኝ።

ከደረጃው ላይ ሆኜ ሲመጣ አየሁት።
ባዶውን ወንበር አየ፣ ሣጥኑን አየ፤
ከዚያ ክንዱን ሳይታጠብ፣ ጭቃውን እንደለበሰ፣
እስከ ክርኑ አስገባው።
ቀይ በራ። ደግሞም ቀይ በራ።
ሣጥኑ ለወንዝ ዳር ጭቃ ቁጥር አልነበረውም።
«ታጠብ!» አለው ዘበኛው።
«የምትጠርገኝ ልጅ የት ሄደች?» አለ፣ ጮክ ብሎ፤
ሰልፉ ሁሉ ዞረ።
ሲወስዱት፣ የጆንያው አፍ ተፈትቶ
ሸርጣኖቹ በድልድዩ ላይ ተበተኑ፤
በጎን እየሄዱ፣ ማንም ሳይለካቸው፣
ወደ ማዶ ተሻገሩ።

አሮጌውን ካርድ አስረክቢ አሉኝ።
ወደ አምፖሉ አስጠግቼ ገልበጥ አድርጌ አየሁት፤
በአርባና አርባ አንድ መሐል መስመሩን ፈለግኩት፤
አጣሁት። ስይዘው አውራ ጣቴ ያረፈበት፣
የሁለት ዓመት ላቤ ቀስ እያለ የበላበት፣
ሁለቱ መልኮች ተፋቅፈው፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቷል፤
ጠርዝ የለውም፤ ዓይን ያዝ አድርጎ ያጣዋል።

ጠፋብኝ አልኳቸው። ካርዱ ጡቴ ሥር ነው።
አያቴን ከአልጋ ሥር አውጥቼ
መስተዋቱ ጥግ ሰካኋት፤ እናቴ አየች፣ አልተናገረችም።
እስር ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው ይላሉ፤ በየትኛው ማዶ ግን አላወቅኩም።
ነገ ጧት ጥጥ እይዛለሁ፣ በጠርሙስ ውኃ፣
ያለ ጓንት።