ያልገባ ሌሊት

የወላጆች ሮንድ፣ ዛሬ ደርሶኝ ተራ፣
ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ከሶልቬይግ ጋራ፣
ከመዋኛው ጀርባ እስከ ወደቡ ዳር
አኩሬይሪን እንዞራለን፣ ብዙም ሳንነጋገር።
ከሌሊቱ ስድስት ሞልቷል በሰዓቴ፤
ፀሐይ ግን ከባሕሩ ጫፍ ቆማለች ከፊቴ፣
እንደ ቤት አከራይ፣ ኪራይ እንደቀራት፣
አልሄድም ብላ።

ማቀዝቀዣችን በር ላይ አንድ ማግኔት አለ፣
ማዘጋጃ ቤት የላከው፣ በቀለም የተሣለ፦
አሥራ ሁለት ያልዘለለ፣ እስከ አራት ሰዓት፤
ከዚያ በላይ የሆነ፣ በሰኔ፣ እስከ እኩለ ሌሊት።
ልጄ ሕፃን ሳለች ትልሰው ነበር።

የልጅነቴ ሰዓት እላፊ ማግኔት አልነበረም።
አባቴ መብራት አጥፍቶ በር ተደግፎ ሲቆም፣
ዳቦ ሊገዛ የወጣው ወንድሜ
አሥር ደቂቃ ዘገየ፤
ከዚያ ወዲያ «አላየሁም» አለ፣ ያየም ያላየ።
ዳቦ ቤቱ ከቤታችን ሁለት በር ነበር የሚርቀው።

አንድ ልጅ ይዘላል ትራምፖሊን ላይ፤
ጥላው አጥር ይሻገራል፣ እሱ ሲጠጋ ሰማይ።
አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ፕላስተር።
«ቶራሪን!» አለች ሶልቬይግ፣ «ሰዓቱ አልፏል፣ ግባ።»
ካየር ላይ ሳቀባት፦ «ሌሊቱ ሳይገባ?»
ወደኔ ዞረች፣ መልሱን እንድሰጠው።
እኔ፣ ሰዓት የምቆጥር ጀንበር ስትጠልቅ ጀምሬ፣
አንድ ያልተባለ ሌሊት፣ ስንት ልበለው ዛሬ?

«አሥር ደቂቃ» አልኩት።
ሶልቬይግ ገረማት፤ ምክንያቱን አልነገርኳት።
አጥሩን ተደግፌ፣ አባቴ እንደቆመው፣
ቆየሁ፣ የቤታቸው በር ሲዘጋ እስክሰማው።