አራተኛው ዘፈን ላይ

ሐሙስ ማታ ነው። ዝናብ። ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣
የኦዲል ሱቅ ተዘግቶ፣ ወንበር ተደርድሮ ከመደርደሪያው ሥር፣
ሰባት ሆነን ተቀመጥን፣ ስምንተኛው ውሻ፣
አዲስ ሸክላ ልንሰማ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

ሽፋኑ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ሆን ተብሎ የወየበ፣
ሻይ የፈሰሰበት ደብተር እንዲመስል የታሰበ።
ዘፋኟ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀሚሷ ግን ስልሳ፤
ከማን ቁም ሳጥን እንደወጣ ማንም ጥያቄ አላነሳ።

ኦዲል መርፌውን ጣለ።
ቀድሞ የመጣው ዘፈን አልነበረም፤
መንጣጣት ነው፣ እሳት ላይ እንደ ወደቀ ጨው፣
ስቱዲዮ ውስጥ ተለክቶ፣ ተመዝኖ የተጨመረው።

ቀድሞ የፈነዳው ዋንስ ነው። አርባ ዓመት ከበሮ መቺ፣
በመርከብ፣ በሰርግ ቤት፣ በየመጠጥ ቤቱ አምሺ፦
«ይሄ ሽበት ቀለም ነው! ተቀብቶ የመጣ ሽበት!
እኛ ያንን ጩኸት ለማጥፋት ስንት ሌሊት ለፋንበት፣
በጥጥ ስንጠርግ፣ በአልኮል፣ እንደ ሕፃን ዐይን፣
ዛሬ መልሰው ይሸጡልን ቆሻሻችንን?»

ሮዛሊን ሳቀች። የትራም ሹፌር ናት፣ የአራተኛው መስመር።
«እኔ በጠዋት ሃምሳ ሰው ጭኜ ጭጋግ ውስጥ ስሽከረከር
የምፈልገው እውነት አይደለም፤ የምደገፍበት ትከሻ።
ትሮምቦኑን ሰማችሁ? የክረምት ኮት ኪስ፣ የእጅ መሸሻ።»

ፍሎር ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ላይ ሦስት ቀለበት።
«ለእኔ አሮጌ አይደለም፤ እኔ አሁን ነው የሰማሁት።
ያለፈ ትላላችሁ፤ እኔ ያለፈ የለኝም፤
ቤዝ እንዲህ ሆዴ ውስጥ ሄዶ አያውቅም።»

ሄልማ የሒሳብ ሰው ናት፤ ትጽፋለች በእርሳስ፦
«አንደኛው ጥሩ፤ ሁለተኛው ረዘመ፤ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ትተንፍስ።
ግጥሙስ? ጨረቃ፣ ባቡር፣ ዝናብ፣ ሲጋራ…
ሲጋራ አፏ ያልነካ ልጅ ስለ ጭስ ምን አውቃ ታወራ?»

ሲሞና መነጽሯን አወለቀች።
«ውሸት ነው» አለች፤ «ግን የሠለጠነ ውሸት።
ባሌም ‹ቆንጆ ነሽ› ይለኝ ነበር፣ ሃምሳ ዓመት፤
አንድ ቀን አላመንኩትም፤
አንድ ቀንም ተው አላልኩት።»

እኔ የተበላሸ ማጫወቻ ጠጋኝ ነኝ፤ አስተያየት አልሰጥም፤
ሲጠይቁኝ «ቀበቶው ላልቷል» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልናገርም።
በልቤ ግን፦ አዲስ እንስራ ውሃው አፈር አፈር ይላል፤
ይሄኛው ገና ከገበያ ሲመጣ ስንት አፍ የጠጣበት ይመስላል።

ያኔ ነው፣ አራተኛው ላይ፣ ፒያኖው ዝቅ ሲል፣
ድምጿ ተሰንጥቆ የቆመው፣ አንዲት ቁራሽ ቃል፦
«ቆይ…»
«ቆይ…»
«ቆይ…»

ሄልማ እርሳሷን አነሳች፤ «ሆን ተብሎ ነው፤ ስልት!»
ዋንስ፦ «አይደለም፤ ጭረት ነው! እውነተኛ ጭረት!»
ፍሎር፦ «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ማንም አልመለሰለት።

ውጭ ትራም አለፈ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።
ኦዲል ሊነሳ ብሎ፣ ዋንስን አይቶ ተቀመጠ፤
ዋንስ ቆሞ ነበርና፣ መርፌው አጠገብ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ፣
ሊያነሳው የሄደው እጅ አየር ላይ ቀርቶ፣
የሌላው እጅ ጣቶች ግን፣ ሳያውቃቸው፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ባዶውን እየሞሉ፣ ሦስት፦ «ቆይ…»

ስንት ጊዜ ዞረ? ሄልማ መቶ አርባ ስድስት ትላለች።
ሮዛሊን «ዘጠናም አይሞላ» ብላ ትከራከራለች።
ቃሉም «ቆይ» ይሁን፣ ወይስ የ«ቆይቷል» መጀመሪያ፣
እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ መርፌው አልደረሰም ከዚያ ወዲያ።
ውሻው ተኝቷል።

ስንበተን ዋንስ ቦርሳውን አወጣ፣ እያጉረመረመ፣
ከልጅነቷ እስከ ቀሚሷ ሁሉንም እንደ ረገመ።
ኦዲል ከመደርደሪያው ሌላ አቀበለው፣ ጭረት የሌለውን።
በክንዱ ገፋው።
«ይሄ ገና ነው» አለ። «ያንን ስጠኝ፤
አንድ ማታ የኖረውን።»