እርጥብ አሸዋ

መጀመሪያ አንዲት ሸክላ፣ ከመጸዳጃው ሥር፣
ስረግጣት እንደ ልጅ ጥርስ ትነቃነቅ ነበር።
ናቅኋት። እያሳሳቀ መውሰድ አይደል የውሃ ልማዱ፤
እኔ ምንጣፍ ጣል አደረግሁ፣ እሱ ቀጠለ በመንገዱ።
ከታች ሉባ በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን ስትደበድብ፣
«ሴትዮዋ አበደች» አልሁ፤
ለካ የኔ ክረምት እሷ ቤት ኖሯል የሚያንጠበጥብ።

አቶ ይታያል መጣ፣ ሸክላውን በመሮ ፈለጠ፤
ከሥር አሸዋው ጠቁሯል፣ እንደ አጥሚት የላቆጠ።
የቅርያት ጋት ወለል ሁሉ አሸዋ ላይ ነው የተነጠፈ፤
አለት መስሎኝ ስረግጠው ሠላሳ ዓመት አለፈ።
ዐሥራ ስምንት ጆንያ። ሊፍት የለም። በትከሻ።
«ይኸውልሽ» አለ፤ ምስር የማታህል ቀዳዳ፣ የሁሉ መነሻ።
«ወለሉ እስኪጠና ዐሥር ቀን እዚህ ዝር እንዳትዪ።»
ዐሥር ቀን? እኔ፣ ከነስኳሬ፣ ሌሊት አራት ጊዜ የምነሣ?

ሲመሽ በሬ ተንኳኳ፤ ሉባ ናት፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፤
አስጨበጠችኝ ቁልፏን፣ አልተናገረችም ሌላ።

ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት በነጠላ ጫማ፣ ግድግዳ እየዳበስሁ ወረድሁ፤
ጣራዋ ላይ የራሴን ውሃ፣ ቡናማ ካርታውን፣ ተቀምጬ አየሁ።
ቶሎም አልተነሣሁ።