ቀለም ቆጠራ

ኮቬንትሪ ላይ ዝናብ ነው፤ የጋራዤ ቆርቆሮ ከጧት ጀምሮ ያወራል፤
መኪናዬ ክሪክ ላይ፣ እኔ ከሥሯ፤ ሲሚንቶው ጀርባዬን ይበላል።
አርባ ዓመት ሙሉ ልጆች ቀለም ያስቆጠርሁ ጡረተኛ መምህር
ዛሬ ራሴ ቀለም ልቆጥር ተጋደምሁ፣ በምላጭ፣ በባትሪ፣ በማጉያ መነጽር።

የላዩ ጥቁር ነው። እሱን አውቀዋለሁ፤ የቀድሞው ባለቤት ነው የቀባው፣
ፓርጄተር፣ ዓሣ ሻጩ፤ በመጥረጊያ ሳይሆን አይቀርም ያዳረሰው።
ከጥቁሩ በታች ግራጫ፣ ከግራጫው በታች ቀይ፤
ቀዩስ ቀለም ነው ወይ? ወይስ ዝገት ነው ወይ?
ከባሌስትራው ማሰሪያ አጠገብ ምላጬን ቀስ አድርጌ ስገፋ
ጥፍር የምታህል መስኮት ተከፈተች።
አረንጓዴ።

"አይሆንም" አለ ሚስተር ኦግልቪ፣ የክለባችን ሊቅ፤ መነጽሩን ወለወለ፤
"የሃምሳ አንዱ ሞዴል ዘንግ ጥቁር ነው። ጥቁር ነበር። ሌላ የለ።"
ጥቁርስ ቢሆን መቼ አንድ ሆነና! ቀለም ቤት ሄጄ አየሁት፦
የሚያብለጨልጭ፣ ግማሽ የሚያብለጨልጭ፣ የፈዘዘ፣
የሻሲ የሚሉት፣ የምድጃ የሚሉት፣
ሻጩ ልጅ ስድስት ጣሳ ደርድሮ "የቱን ልስጥዎት?" አለኝ፤
ስድስት ሌሊት ጎን ለጎን ቆመው የሚያዩኝ መሰለኝ።
ባዶ እጄን ተመለስሁ።

ሞይራ ሻይ ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ከጎማው ሥር አየችኝ፤
"ለመሆኑ እዚያ ታች ማን ሊያየው ነው?" አለችኝ።
"ድመት ታየው ይሆናል፤ ውሻ ይሸናበታል፤
የቀረውን መንገዱ ጭቃ ይቀባዋል።"
እውነቷን ነው። የፊቱ ይወለወላል፣ ይደነቃል፤
የሚገፋው ግን የኋላው ነው፤ የኋላ ኋላ ይጠየቃል።

ፍቅፋቂውን በክብሪት ቀፎ ይዤ ዊኒፍሬድ ቱል ዘንድ ሄድሁ፣
አዛውንቶች ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ
በዚያ ፋብሪካ ዘንግ ትቀባ እንደነበር ከዳቦ ቤቱ ሰምቼ።
ቀፎውን ከፈተች። አሸተተችው።
ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ሲያበቃ እንደገና ሳቀች።

"ትክክለኛው ቀለም አልከኝ? ትክክለኛው በርሜሉ ውስጥ የተረፈው ነው!
ጥቁሩ ሲያልቅብን ከጦርነቱ የቀረ አረንጓዴ ነበረ፤
የድንኳን ይሁን የመድፍ እንጃ። አለቃችን ግሪብል ዞር ሲል እንደፋዋለን።
ዓርብ ዓርብ ቲነር እናበዛለን፣ ቶሎ ወጥተን ልንጨፍር፤
የዓርብ ዘንግ ያለቅሳል፤ ታውቀዋለህ፣ ከጠብታው፣ ከሥር።
ማን ያየዋል ብለን ነበር" አለች። ዝም አለች። ቀፎውን ዘጋች።
"ይኸው ሰባ ዓመት አልፎ፣ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ አየው።"

በማግስቱ የዲፈረንሻሉን ክዳን ፈታሁ፣ ስምንት ቡሎን፤
በትራስ ልብስ ጠቅልዬ በሊፍት ወሰድሁላት፣
አረንጓዴ በጃም ጠርሙስ በጥብጬ፣ ባለ ሁለት ጣት ብሩሽ ጨምሬ።
ነርሷ ጋዜጣ አነጠፈች፤ መስኮት ከፈተች፤ ተቆጣች፤ ቆማ ቀረች።
የዊኒፍሬድ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ክዳኑን ሲነካ ግን
መንቀጥቀጡን ረሳው ብል ዋሸሁ። አልረሳውም።
ቀለሙ ወረደ፣ ተንጠባጠበ፣ ጫፉ ላይ ተቋጠረ፤
"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አለች። ማክሰኞ ነበር።
"ዓርብ ነው" አልኋት።

በሰኔው ውድድር ኦግልቪ በረጅም ዱላ መስታወት ከሥር አስገባ፤
ብዙ ቆየ። ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ፤ በእርሳስ ጻፈ፦
"የኋላ ዘንግ፦ ቀለሙ የተሳሳተ። ቀቢው ግዴለሽ። ሦስት ነጥብ ተቀንሷል።"
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ፤ ማምሻውን ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።
አሁን ከመስኮቷ አጠገብ በፕላስተር ተለጥፏል፤
ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ግዴለሽ" የሚለውን በጣቷ ታሳያለች።