ታይታለች፤ ደህና ናት

ሰባት ሆነን ተቀመጥን፣ በተማሪዎች ወንበር፣
ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ጥቂት ሲቀር፤
ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ የትናንቱ ስሌት ነበር፦
ስልሳ አንድ ከመቶ ሲነሣ፣ መልሱ ያልተሞላ ቁጥር።

ከማላዊ ሐይቅ የሚነሣው ንፋስ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ አዝሎ
በመስኮቱ ብቅ ይላል፤
ሊናገር እንደ መጣ ሰው፣ ይመለሳል ዝም ብሎ።

የአቤቱታው ጉባኤ ሰብሳቢ ምዌኒፉምቦ፣ መረብ ሲጠግኑ ያረጁ፤
ጸሐፊው እኔ፣ ሒሳብ አስተማሪው፣ የማይተፋ እስክሪብቶ በእጁ።

ኛምሲስካ ቆመች። ወንበር ሲሰጣት እንቢ አለች።
«ልጄን ቴምዋን ዓርብ ሌሊት ምጥ ያዛት፤
‹ነርስ!› እያለች ስትጣራ ግድግዳ ብቻ ሰማት።
እኔም ከአስታማሚዎች ዳስ ሰማሁ፤
የሰማ ሁሉ ግን የበሩ ቁልፍ የለውም።
ሲነጋ የልጅ ልጄን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤
ክብደቱን አውቀዋለሁ፤
ድምፁን ግን አላውቀውም።»

ሽማግሌው የጤና ጣቢያውን መዝገብ ወደ እኔ ገፉ፤ «አንብብ» አሉ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፦ ታይታለች፤ ደህና ናት።
ዘጠኝ ሰዓት፦ ታይታለች፤ ደህና ናት።
ዐሥር ሰዓት፦ ታይታለች፤ ደህና ናት።

ሃያ ሁለት ዓመት ደብተር አርሜያለሁ።
የቤት ሥራውን ከጓደኛው ቀድቶ፣ ደወል ሲደወል በር ላይ የጨረሰ ልጅ
እንዴት እንደሚጽፍ አውቃለሁ፦
ፊደሉ ሁሉ ባንድ ጎን ይተኛል፣ ንፋስ እንደ መታው ሩዝ፤
መስመር ሲለወጥ እንኳ እጁ አያርፍም።
ሦስቱ ሰዓታት ባንድ ትንፋሽ ተጽፈዋል።
ባንድ ቀለም።
ባንድ ፍርሃት።

ቀና ብዬ ነርሷን አየኋት፣ ሉሱንጉ ካያንጌን፤
ስሟ በእኛ ቋንቋ ምሕረት ማለት ነው።
የበኩር ልጄን ከእናቷ ማሕፀን የተቀበለው እጅ
ጭኗ ላይ ተጣጥፏል።
ወጪት ሰባሪ ልባል ነው፣ ወይስ ምስክር?

«ጸሐፊ፣ ምን አየህ?»
«ያንድ ጊዜ ጽሑፍ ነው» አልኩ። «ሦስቴ አልተጻፈም።»

ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ወደቀ፤ ሁላችንም ደነገጥን።

እስክትጠየቅ አልጠበቀችም፦
«ብቻዬን ነበርኩ። ሦስት ክፍል፣ አንድ መብራት።
ከወዲያ የምትደማ ነበረች፤ እሷን ስይዝ ሌሊቱ ገፋ።
ደሟ ሲቆም ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ፤
እንቅልፍ አይባልም፣ ወደቅሁ። ስነቃ ወፍ ሰማሁ፤
ግድግዳው ዝም ብሏል። ያኔ ፈራሁ፤
ብዕር አነሣሁ።»

የሩዝ ነጋዴው «ትባረር» አለ፤ ጎኑ ያለው «ካሳ፣ ፍየል ወይ ብር»፤
የፓስተሩ ሚስት ተነሡ፣ እጅ ለእጅ አያይዘው ሊያስታርቁ።
ኛምሲስካ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ለልጅ ልጄ ዋጋ አልቆርጥም፤ ፍየላችሁን ያዙ።
ብትባረርስ፣ ነገ የሚያምጡትን እነማን ሊያግዙ?
መተኛቷም ሥጋ ነው፤ እኔም ለቅሶ ላይ አሸልቤያለሁ።
ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ግን አውቃለሁ፦
ወረቀቱ ‹ታይታለች› እስካለ ድረስ
ጥፋቱ ወደ ልጄ ማሕፀን ነው የሚመለስ።
ውኃ ስትቀዳ ‹ሲያዩሽ እኮ ደህና ነበርሽ› ይሏታል።
ያንን ቃል አንሡላት፤ ከሬሳው እሱ ይከብዳታል።»

እስኪመሽ ተከራከርን።
የነርሷ ጉዳይ ፈቃድ ለሚሰጡት፣ ለሚነጥቁትም ይላክ ተባለ።
ለወረዳው ሌላ ደብዳቤ፤ ቃሉን እኔ አረቀቅሁ፦
«ለሦስት ክፍል አንድ ሰው የመደበው፣ እሱም ይጠየቅ።»
በሐሙስ መኪና ሄደ። ስድስት ሐሙስ አለፈ፤ መልስ የለም።

መዝገቡን ግን ያኔውኑ፣ በፊታችን፣
ሉሱንጉ ራሷ በቀይ ቀለም ሰረዘችው፤
ሳትፍቅ፣ ውሸቱም እንዲነበብ።
ከእያንዳንዱ መስመር ሥር፦ አልታየችም።
በመጀመሪያው እጇ ጸና፤
በሁለተኛው ተንቀጠቀጠ፤
በሦስተኛው ብዕሩን ጥላ ወጣች፤
ቆየች፤ ተመልሳ ጨረሰች።
ይሄኛው ሦስቴ የተጻፈ ነበር።

«የትኛው ነው?» አለች ኛምሲስካ። አሳየኋት።
ሳይደርቅ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት፤
ቀዩን ይዛ ወጣች፣
ለልጇ ልታሳያት።