ውሃ እስኪመጣ

እንድሪስ ቧንቧ ሠሪው ቦይለሩን አየና፣
ግድግዳውን በጣት ቆርቆር አደረገና፣
«ሦስት ሺህ» አለኝ፣ «ዕቃውን ችለህ»።
ሦስት ሺህ! ለግማሽ ቀን! ለሁለት ጎሚቶ!
ሻዩን አስጨርሼ በሰላም ሸኘሁት፤
በሩን ስዘጋ ግን ለራሴ ፎከርኩት፦
«አባትህ የወፍጮ ሞተር ፈቶ ሲገጥም፣
አንተ ከሃምሳ ሊትር በርሜል አታንስም!»

ነገሩን ያመጣው የእማዬ ጉልበት፤
የጦሳ ብርድ ደግሞ አይስትም የአጥንት ቤት።
ለሱብሂ ተነስታ ከጀሪካን ስትቀዳ፣
ጣቷ ይከብዳታል እንደ ሰው ዕዳ።
አንድም ቀን አላለች «ቀዝቅዞኛል ልጄ»፤
ኩስኩስቷን ስቀበል ነው ያወቀው እጄ።

ቅዳሜ በጠዋት ፒያሳ ወረድኩኝ፣
«ጎሚቶ ስጠኝ» አልኩ፤ «ስንት ኢንች?» ሲለኝ፣
በአውራ ጣቴ ለካሁ፤ ልጁ ሳቀብኝ።
ቴፍሎን፣ ሁለት ኒፕል፣ አንድ ሳራቺኔስካ፣
ሁሉም ቁራጭ ብረት ስም ነበረው ለካ!
ሦስቴ ተመላለስኩ ለአንዲት ላስቲክ ቀለበት፤
ፊተኛዋ ጠበበች፣
ሁለተኛዋ ሰፋች፣
ሦስተኛዋን የባጃጁ ሹፌር መረጠልኝ፤
እሷ ገባች።

ግድግዳውም አለው የራሱ ጠባይ፣
ላዩ ሲሚንቶ ነው፣ ሆዱ ጭቃ ሲታይ።
አንድ ቀዳዳ ብዬ ዋሻ ከፈትኩኝ፤
ቡሎኑን ዋጠና ጭድ ተፋብኝ።
ረውዳ ወንበር ያዘች፣ እኔ ቦይለር አቀፍኩ፣
እንደ ዓረፋ ሙክት እየታገለኝ ሰቀልኩ።
በውሰት ጅራቱቦ ቱቦን ከቱቦ
ሳጋባ አመሸሁ፣ ላቤ ተንጠባጥቦ።
«አጥብቅ!» ይላል ሰው ሁሉ፤ የሚነግርህ የለም
የቱ ዙር ላይ እንደሚበቃ።
እኔም አንድ ጨመርኩ፣ ለጥንቃቄ።
ክሩ ውስጥ የሆነ ነገር «ቀጭ» አለ፤
አልሰማሁም አልኩ።

ማታ ሁሉም ቆመ፤ አይንጠባጠብም፣
አንዲት ጠብታ የለ፣ አንዲት እርጥበትም።
በመዳፌ ዳሰስኩት፣ በሶፍት አባበስኩት፣
ለመጣው እንግዳ ሁሉ አስጎበኘሁት።
ቅዳሜ አልፈሰሰም፣ እሁድ አልፈሰሰም፣
ሰኞም አልፈሰሰም።
እንዴትስ ይፈሳል?
ሰፈራችን ስሙ ቧንቧ ውሃ ነው፤
ቧንቧው ሁልጊዜ አለ፣
ውሃው ሐሙስ ሌሊት ነው።
እስከዚያ ድረስ
በደሴ ከተማ እኔን የሚያህል ቧንቧ ሠሪ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧው አሳለ።
መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ዝገት ተፋ፤ ከዚያ
ጎሚቶው አለቀሰ፣ ኒፕሉ ተከተለ፣
ያቺ የጭቃ ዋሻ «ምንጭ ነኝ» አለ።
ረውዳ ሳፋ ይዛ፣ እኔ አንሶላ ይዤ፣
እማዬ ከአልጋዋ «ያ ረቢ!» እያለች፤
«ዝጋው!»
«የቱን?»
«መዝጊያውን!»
«የሚፈሰው እኮ መዝጊያው ነው!»

ቴፍሎን የሚጠመጠም በክሩ አዞሪት ነው፤
ይህን የተማርኩት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው።
ፈታሁ፣ ጠመጠምኩ፣ ፈታሁ፣ ጠመጠምኩ፤
አዛን ሲል መፍሰሱ ቆመ፤ እኔም ተቀመጥኩ።
በርሜሉ ሞላ። ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ።
ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭቃዬን ልታጠብ
ሰማያዊ ነጥብ ያለበትን ከፈትኩ፤
ተቃጠልኩ።
ቀዩን ከፈትኩት፤ የክረምት ቦርከና።

ከጁምዓ መልስ እንድሪስን ጠራሁት።
ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየ፣
ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ።
«ፍታና አዙረው» አልኩት፣ «ሦስት ሺሁን እሰጣለሁ»።
«የምን ፍታ? ክሩን ልጠኸዋል እኮ!
ይሄን የነካ ሰው ቤቱን ይዞ ይሄዳል።
ተወው፤ ቀለሙን አዙረው።»
ሻዩን ጠጣና ሄደ፤ ሳንቲም አልወሰደ።
ልጄ ሂክማ ጥፍር ቀለሟን አዋሰችኝ፤
ሰማያዊዋን ነጥብ ቀይ አደረግኳት፣
ተንጠፍጥፎ የቀረውን ረውዳ ከመዳፌ አስለቀቀችኝ።

በነጋታው ለሱብሂ፣ ከመኝታዬ ሆኜ
ውሃው ሲወርድ ሰማሁ።
ወረደ፣
ወረደ፣
ውዱእ ያን ያህል አይፈጅም፤
እጇን እንደከተተች ነው።
በበሩ ስንጥቅ እንፋሎት ወጣ፣
ተከትሎም ድምጿ መጣ፦
«ይሄን እንድሪስን፣ ያ አላህ፣
እጁን ባርክለት።»

ብርድ ልብሴን ተከናንቤ
«አሚን» አልኩ።